የኮርቻዎቹ አደራ

ካሚዮኑ ከመምጣቱ በፊት በገመድ ሠርተነው ነበር።

የአባቴ የንግድ ሸሪክ ሽኩር ድሬዳዋ ላይ አይቶት፣ ርዝመቱንና ወርዱን በኩታው ላይ ቋጥሮ መጥቷል። በዚያው ልክ መጫኛ እርስ በርሱ ተቋጠረና አራት ሰዎች አራቱን ማዕዘን ያዙ። ሽኩር ነጂው ስለሆነ ከፊት ቆመ፤ ከጎኑ አባቴ መርዳሳ። ከኋላ እናቴ አማረችና የጭነት በቅሎዎቻችን አለቃ አባባ ኢተፋ ነበሩ። ሽኩር ከንፈሩን እያንቀጠቀጠ ማጓራት ጀመረ። "ወደ ኋላ!" አለ፤ አራቱም ገመዱን እንደወጠሩ በኋሊት ወደ ጭነት ቤቱ ገቡ። እኔ እንዳልዳጥ ሮጬ ግራሩ ሥር ተጠጋሁ። ካሚዮን ማለት እንዲህ ያለ ነገር መስሎኝ ነበር፤ አራት ትልልቅ ሰዎች በገመድ ታስረው የሚያጓሩበት ሥራ።

"ደረሰ" አሉ አባባ ኢተፋ፤ ጀርባቸው ከተደረደሩት የጭነት ኮርቻዎች ጋር ተላትሞ።

"ኧረ ገና ነው! አፍንጫው ውጭ ቀርቷል" አለ ሽኩር፣ ፀሐይ ላይ እንደቆመ።

"ውጭ ይደር።"

"ወላሂ አያ ኢተፋ፣ ጅብ ቢበላብንስ?"

"ጅብ ብረት አይበላም። ጅብ የሚበላው ኮርቻ ነው።"

እናቴ ሳቀች። አባቴ ግን አልሳቀም። በአባባ ኢተፋ ትከሻ ላይ አሻግሮ ኮርቻዎቹን አየና የያዘውን ገመድ ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

ይህ የሆነው በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ሁለት ዓመተ ምሕረት በጋ ላይ ነው። ከተማችን ያኔ ባቡር ጣቢያውን ተጠግታ የተቀመጠች ትንሽ አዳማ ነበረች፤ ናዝሬት መባሏ ገና ነው። አባቴ ከአርሲ ደጋ፣ ከሁሩታ ወዲያ ካለው አገር፣ እህል በበቅሎ እያስጫነ ለባቡር ያደርስ ነበር። በቅሎዎቹን የሚመሩት፣ የሚጭኑት፣ ሲያማቸው የሚያክሙት አባባ ኢተፋ ናቸው፤ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ። ኮርቻዎቹንም የሰፉት እሳቸው ናቸው፤ ውስጣቸው የሚጠቀጠቀውን ሳር እንኳ መርጠው የሚያጭዱት ራሳቸው ነበሩ። የጭነት ቤቱ፣ ያ ረጅም ጭቃ ግድግዳና ቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት፣ የአባቴ ይባላል እንጂ የእሳቸው ነበር። ውስጡ ሞራ፣ የበቅሎ ላብና ደረቅ ሳር ይሸታል። እኔ ያን ሽታ የአባባ ኢተፋ ሽታ እለው ነበር።

ከገመዱ ካሚዮን በማግስቱ እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀችና ያን ቤት ባዶ እስኪሆን አስወጣችው። ግቢያችን ገበያ መሰለ። ልጓም፣ እርካብ፣ ስልቻ፣ መጫኛ፣ የበቅሎ መመገቢያ ገበታ፣ የጉዞ ድንኳን ከነምሰሶውና ከነካስማው፣ ሁሉም ፀሐይ ላይ ተዘረጋ። አባቴ ከኋላዋ እየተከተለ የጣለችውን ያነሣል።

"ይህ ምንድን ነው?" አለች እናቴ።

"ቃጭል።"

"ምላሱስ?"

"ይገኛል።"

"ይህስ? እርካብ አንድ ብቻውን?"

"ጥንዱ ይመጣል።"

"አዎ፣ ናፍቆት ሲገድለው ይመጣል" ብላ ወረወረችው። አባቴም ሄዶ አነሣው።

የእናቴ ሥርዓት ግልጽ ነበር። እየዞርኩ ሳግዛት ታስተምረኛለች። ምስጥ የሚወደው ነገር ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። አይጥ የሚወደው ከቀንድ ኩላብ ላይ ይሰቀላል። በየቀኑ የሚነካው በእጅ ልክ፣ በዓመት አንዴ የሚፈለገው ከጣሪያው እንጨት ላይ። "አባትሽ የሚወደው ደግሞ" አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አባትሽ በማያየው ቦታ።" ለእያንዳንዱ ልጓም የራሱ ኩላብ ተመታለት። ነገር ግን ቆጡም ኩላቡም ሞልቶ፣ ኮርቻዎቹና ድንኳኑ የሚገቡበት አልተገኘም። እነሱ ከገቡ ካሚዮኑ አይገባም።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ እንዲነካው በተዘረጋው ድንኳን ውስጥ ገብቼ ስጫወት፣ አባቴና አባባ ኢተፋ መጥተው ከግራሩ ጥላ ሥር ተቀመጡ። በሸራው ውስጥ ጥላቸው ብቻ ይታየኝ ነበር።

"አያ ኢተፋ፣ በቅሎዎቹን ከነኮርቻቸው ይውሰዷቸው" አለ አባቴ። "የእርስዎ ይሁኑ።"

"የማን አልከኝ?"

"የእርስዎ።"

"መርዳሳ፣ እኔ የሠራሁበትን በልቻለሁ። ያልሠራሁበትን ደግሞ በሽምግልናዬ አልለማመድም። ምጽዋት የምትሰጠው ካጣህ፣ ደጀ ሰላም ሂድ፤ ሞልቷል።"

"ምጽዋት አይደለም እኮ።"

"ታዲያ ምን ይባላል?"

አባቴ ጭራሮ አንሥቶ ይሰባብር ጀመር፤ ድምፁ ይሰማኛል።

"ቡልቡላ እኅት አለችኝ" አሉ አባባ ኢተፋ። "ደክሞኛል። ከእሷ ዘንድ ሄጄ እቀመጣለሁ።"

ከዚህ ሁሉ እኔ የያዝኩት ሁለት ነገር ነው፤ ደክሟቸዋል፣ ቡልቡላ ሊሄዱ ነው። ስለ ቡልቡላ የማውቀው ደግሞ በአጠገቡ ያለው ሐይቅ ውሃው እንደማይጠጣ ብቻ ነበር። ሰው የማይጠጣ ውሃ ወዳለበት አገር ለምን እንደሚሄድ አልገባኝም። ማታ ለእናቴ ነገርኳት። "ሰምቻለሁ" ብላኝ ስትቋጥር የነበረውን ገመድ መቋጠሯን ቀጠለች።

በነጋታው ጠዋት አባባ ኢተፋ በቅሎዎቹን ውሃ ሊያጠጡ ሲመጡ እናቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀቻቸው።

"አያ ኢተፋ፣ ይህን ሰውዬ ምን ላድርገው? ብረት ሊያስገባ ብሎ ንብረቴን ደጅ አወጣው። ድንኳኑን የት ላድርግ? ኮርቻዎቹን ጅብ ሲቆረጥማቸው ልይ? የእርስዎ ጎጆ ጀርባ ያለው ቤት ባዶውን ነው የቆመው። አደራ ይያዙልኝ።"

"በቅሎዎቹስ?"

"እነሱማ እንዴት እዚህ ያድራሉ? ቤንዚኑ ያስነጥሳቸዋል። ይውሰዷቸው። ያሠሯቸው ደግሞ፤ ሥራ የፈታች በቅሎ ሰው ትረግጣለች። የሚያገኙት ለመኗቸውና ለጠባቂያቸው ይሁን።"

አባባ ኢተፋ እናቴን ረዘም ላለ ጊዜ አዩዋት። እናቴ ዓይኗን አልሰበረችም።

"አደራ አልሽ?"

"አደራ አልኩ።"

"አደራማ እምቢ አይባልም" አሉና የመጀመሪያውን ኮርቻ ትከሻቸው ላይ አነሡ። ጎንበስ ብለው ከግቢው ሲወጡ፣ እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴን ጠላኋት። ሰውዬው ደክሞኛል እያሉ እሷ የቤቷን ጥራጊ ትጭንባቸዋለች!

ዛሬ፣ እናቴ ያኔ ከነበራት ዕድሜ እጅግ አልፌ ሳስበው፣ ጥራጊው የትኛው እንደነበር አውቃለሁ። ምላስ አልባው ቃጭልና የተቀደደው ስልቻ እኛ ዘንድ ቀረ። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ወደ አባባ ኢተፋ ቤት የተሻገሩት ሞራ የጠገቡት፣ ስፌታቸው ያልላላው፣ ደህና ደህናዎቹ ናቸው። ስጦታን ሰው መግፋት ይችላል፤ አደራን ግን ሰው አይገፋም። እናቴ የአባቴን ስጦታ ስሙን ለውጣ ሰደደችው፤ አባቴም ገብቶት ዝም አለ። እኔ ያየሁት ግን የጎበጠ ጀርባ ብቻ ነበር።

ካሚዮኑ በባቡር ተጭኖ መጣ። ጣቢያው አካባቢ ያለ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ወጣ። ሽኩር መሪውን ይዞ፣ ዶሮዎቻችንን በየአቅጣጫው በትኖ፣ እናቴ ባደራጀችው ቤት ውስጥ በኋሊት አስገባው። አፍንጫውም ገባ። በግራና በቀኝ ቀጭን ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ያህል ቦታ ቀረ እንጂ ሌላ የለም። አባቴ በኩራት ዙሪያውን ተመለከተ። እናቴ ግን አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ፣ "የገመዱ ይሻል ነበር፤ እሱ አያጨስም" አለች።

እኔ ካሚዮኑን ለማየት ብዙ ጊዜ አልነበረኝም። ሥራ ይዤ ነበር። ነገሩ በእኔ ሐሳብ ቀላል ነው፤ አባባ ኢተፋ የሚሄዱት ሸክም ስለከበዳቸው ከሆነ፣ ሸክሙ ከቀለለ ይቀራሉ። ቤታቸው ከሐዲዱ ማዶ ነው። በቅሎዎቹን ይዘው ለሥራ ሲወጡ ጠብቄ፣ በጠፍር የታሰረውን በር ፈትቼ ገባሁ። መጀመሪያ አንድ ልጓም አመጣሁ። ሌላ ጊዜ መጫኛ፤ ደግሞ ሌላ ጊዜ የመመገቢያውን ገበታ። ባመጣኋቸው ቁጥር በካሚዮኑና በግድግዳው መካከል ሾልኬ ገብቼ፣ እናቴ እንዳስተማረችኝ እያንዳንዱን በየቦታው አደርጋለሁ። ልጓሙን በራሱ ኩላብ፣ ገበታውን ከድንጋይ ላይ። ሥርዓት አላፈረስኩም።

አንድ ቀን እራት ላይ እናቴ፣ "መለሱት እኮ" አለች።

"ምኑን?" አለ አባቴ።

"ልጓሙን። ከኩላቡ ሰቅለውት አገኘሁት። ዛሬ ደግሞ መጫኛውን።"

"ምን አሉሽ?"

"ምንም። እኛ በሌለንበት መጥተው ነው።"

አባቴ ሊጎርስ ያነሣውን መልሶ አስቀመጠ። "ገብቷቸዋል ማለት ነው።"

"ልጠይቃቸው?"

"ምን ብለሽ? አደራዬን ለምን መለሱ ይባላል? ሰውዬው ክብራቸው ነው የቀራቸው። ተያቸው።"

እኔ በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ። ሥራዬ ታይቶልኛል። የአባቴ ፊት ለምን እንደጨለመ አልገባኝም፤ የቤንዚኑ ሽታ እንደ በቅሎዎቹ ያመመው መሰለኝ።

ከሐዲዱ ማዶ የሆነውን ደግሞ አድጌ ነው የሰማሁት። አባባ ኢተፋ ልጓሙን ሲያጡ ሌባ አላሉም። ሌባ አዲሱን ድንኳን ትቶ አሮጌ ልጓም አይወስድም። መርዳሳ ሐሳቡን ለውጦ፣ እንዳላፍር ብሎ ቀስ በቀስ ንብረቱን እየወሰደ ነው አሉ። አደራ ጠባቂ ባለንብረቱን 'የገዛ ዕቃህን ለምን ወሰድክ?' ብሎ አይጠይቅም። እሳቸውም አልጠየቁም። እኛ ቤት መምጣታቸውን ተዉ። እናቴም አባቴም ወደ እሳቸው አልሄዱም። በመካከላቸው ያለው መንገድ አንዲት በቅሎ እንኳ የማያደክም ነበር።

ከዚያ የሽኩር ሚስት ፋዲላ መጣችና እናቴን፣ "አያ ኢተፋ ዶሮዎቻቸውን ለጎረቤት ሰጡ። የቡልቡላውን መንገድ ሊጀምሩ ነው መሰለኝ" አለቻት። እናቴ ዱቄት ከምትነፋበት ቀና አላለችም።

እኔ ግን ስህተቴ ወዲያው ታየኝ። ልጓም! ገመድ! እነዚህ ምን ይከብዳሉ? የሚከብዱት ኮርቻዎቹ ናቸው።

በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ ወደ ገበያ ሲጎርፍ፣ ሄድኩ። ቤቱ ውስጥ የቀረው አንድ ኮርቻ ብቻ ነበር። የጭነት ኮርቻ ለልጅ ክንድ የተሠራ አይደለም። ብጎትተው እምቢ አለ፤ ባቅፈው አልታቀፍ አለ። በመጨረሻ ሥሩ ገብቼ በራሴ ተሸከምኩት። ሁለቱ ጎኖቹ እስከ ጉልበቴ ወረዱ፤ ሳሩ አንገቴን ይበላኛል። የሚታየኝ የገዛ እግሬና አቧራው ብቻ ነው። ሐዲዱን ስሻገር ዙሪያዬን ሳቅ ሰማሁ። የፋዲላን ድምፅ ለየሁት፤

"ያ ረቢ! ኮርቻው በቅሎዋን ጥሏት መጣ!"

ጥቂት ሄጄ ከአንድ ሞቃት ነገር ጋር ተጋጨሁ። ዳለቻ ነበረች፤ ግራጫዋ በቅሎ። በአፍንጫዋ ኮርቻውን ተነፈሰችበት።

"ማን ነው እዚህ ውስጥ?" አሉ አባባ ኢተፋ።

"እኔ ነኝ።"

ኮርቻው ከላዬ ተነሣ፤ ብርሃኑ ወጋኝ። ከኋላቸው በቅሎዎቹ ሁሉ ተሰልፈዋል። ድንኳኑ፣ ምሰሶው፣ የቀሩት ኮርቻዎች፣ ሁሉም ተጭኗል፤ ለአባቴ ሊያስረክቡ ወጥተው፣ የቀረውን አንድ ኮርቻ ሊያነሡ እየተመለሱ ነበር።

"ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ሲሉኝ ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው። "ይህን ወዴት ነው የምትወስጂው?"

"ቤት።"

"አባትሽ ላከሽ?"

"ማንም አልላከኝም።"

"ልጓሙንስ? መጫኛውንስ ማን ወሰደው?"

"እኔ። እናቴ ስለጫነችብዎት ነው። እንዳይከብድዎት ብዬ። ከከበደዎት ቡልቡላ ይሄዳሉ።"

አባባ ኢተፋ ኮርቻውን እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ዳለቻ አንገት አዙረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እኔ የሚያለቅሱ መስሎኝ የልብሳቸውን ጫፍ ያዝኩ። ፋዲላ ግን በአጠገባችን ቆማ ስላየች፣ ሳቅ ነበር ብላ እስክትሞት ድረስ ትምል ነበር። ሲዞሩ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ኮርቻውን ዳለቻ ጭነት ላይ ጣሉት፣ እኔን ከኮርቻው ላይ አስቀመጡኝና ወደ ቤታችን አመሩ።

እናቴ የተጫኑትን በቅሎዎች በበሩ ሲገቡ ስታይ እጇ ላይ ያለው መጥረጊያ ወደቀ። "ሊያስረክቡን መጡ" አለች ለአባቴ። አባቴ ተነሣ። ሽኩር ከካሚዮኑ ሥር ዘይት የተቀባ ፊቱን አውጥቶ ይመለከታል።

"መርዳሳ" አሉ አባባ ኢተፋ፣ ፊታቸውን እንደ ዳኛ አክብደው። "አደራህን የሚዘርፍ ሌባ ከነዘረፈው ይዤ መጥቻለሁ።"

"ሌባው የታለ?"

"ከላይ ተቀምጣልሃለች።"

ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ። አባባ ኢተፋ የሆነውን በአጭሩ ነገሯቸው፤ ልጓሙን፣ መጫኛውን፣ በእግሩ የሄደውን ኮርቻ። ሲጨርሱ እናቴ አፏን በእጇ ይዛ ነበር።

"እና እርስዎ አይደሉም የመለሱት?"

"እናንተስ አይደላችሁም የወሰዳችሁት?"

አባቴ ከግራሩ ሥር ተቀመጠ። እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺ ልጅ! ቆዳሽን ገፍፌ ነው የምሰቅለው!"

"በየትኛው ኩላብ?" አለ ሽኩር ከካሚዮኑ ሥር።

እናቴ ልትቆጣ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ሳቋ ሲያመልጣት አባቴም ሳቀ። አባባ ኢተፋ ግን የዳኛ ፊታቸውን አልፈቱም።

"አደራው እንደገና ይሁን ካላችሁ ይሁን። አሁን ግን ዋስ እፈልጋለሁ።"

"ማንን ልጥራልዎት?" አለ አባቴ።

"ይህችን።"

"ሌባዋን?"

"ሌባው ዋስ ከሆነ፣ የሚሰርቅ ማን ቀረ?"

ከበቅሎዋ አወረዱኝ። አባቴ በመሃል አቁሞኝ፣ ለአያ ኢተፋ ዋስ ነኝ፣ ከአደራቸው አንዲት ጠፍር አትነካም እንድል አደረገኝ። አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለብዙ ዓመት መንግሥት የሚያውቀው ዋስ ነኝ ብዬ አምን ነበር።

"አንድ ነገር ቀረ" አሉ አባባ ኢተፋ። አሁን ድምፃቸው ጨዋታ አልነበረውም። "አደራ መመለሻ ቀን አለው። እናንተ ቀኑን አልነገራችሁኝም። መቼ ትወስደዋለህ?"

ሁልጊዜ መልስ የማታጣው እናቴ መልሱን ለአባቴ ተወችለት። አባቴ ወደ ጭነት ቤቱ ዞሮ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሞላውን ካሚዮን አየ።

"ይህ ቤት ሲሰፋልኝ" አለ።

አባባ ኢተፋም ቤቱን አዩት፤ ከዚያ አባቴን። "ይሁን" አሉና የዳለቻን ልጓም ይዘው ወደ ማዶ መለሷት።

ቡልቡላ የሄዱት እኅታቸውን ለመጠየቅ ብቻ ነው፤ ሄደውም ተመለሱ። ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ጭቃ ሲሆን ካሚዮኑ ተኛ፤ እሳቸው በበቅሎዎቹ ሥራ በዝቶባቸው ረዳት ቀጠሩ። እኔ ግን ዋስ ነኝና ሐሳብ ገባኝ። ቤቱ በሌሊት እንዳይሰፋ እየፈራሁ፣ ጠዋት ጠዋት በካሚዮኑና በግድግዳው መካከል እየገባሁ በክንዴ እለካው ነበር። እያደግኩ ስሄድ እንዲያውም እየጠበበ መጣ፤ ደስ አለኝ።

ለአባቴና ለሽኩር ንግዱ ቀናቸውና ሁለተኛ ካሚዮን ገዙ። ሽኩር በየዓመቱ፣ "መርዳሳ፣ የኋላውን ግድግዳ አፍርሰን እንግፋው፤ አንዱ ፀሐይ እየበላው ነው" ይለዋል። አባቴ፣ "እናስብበታለን" ይላል። አባቴ በሕይወቱ ሳለ ሞጆ ላይ ቤት ሠራ፣ ጣቢያው አጠገብ ሱቅ ሠራ፣ እኔ ሳገባም ለእኔ ቤት ሠራልኝ። ያን የጭነት ቤት ግን አንድ ክንድ እንኳ አላሰፋውም።